ያልተነሳው ስልክ

"አንተ ሰውዬ፣ ተቀመጥ! ሰው እያየን ነው!"

ባለቤቴ የኮቴን ጫፍ ይዛ ጎተተችኝ።

አልተቀመጥኩም...

መድረኩ ላይ ሽልማቱን ይዞ የቆመው ያ ሰውዬ ነበር። የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ። ያኔም እሱ፣ አሁንም እሱ። የተለወጠው ፀጉሩ ብቻ ነው።

"ጋዜጠኛዋን የሚሸልማት እሱ ነው እንዴ?" አልኳት።

"ታዲያ አንተ ምን አገባህ? የተጠራኸው ለማጨብጨብ ነው!"

እኔ ግን ቆርጫለሁ። ያ እጅ ለእሷ ዋንጫ ከሰጠ፣ እዚያው አዳራሽ መሐል ሁሉንም እናገራለሁ። የመጣው ይምጣ።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ብዙ ማውራት አልወድም፤ ባጭሩ ነው።

ጎረምሳ ሳለሁ ገበያ ውስጥ ተሸካሚ ነበርኩ። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እናትም አባትም እሷው።

የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ ያዛት... ጠናባት።

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ አምቡላንስ ነበር። ጎማ ግን የለውም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዙሪያውን ሣር በቅሎበታል።

ከጎረቤቶች ጋር በቃሬዛ ተሸክመናት ወደ ሆስፒታል ሄድን።

ስንት ጆንያ የለመደ ትከሻ ነው። እንደዚያ ቀን ግን ከብዶት አያውቅም።

አልደረስንም... እሷም፣ ልጇም።

ከቀብሩ በኋላ አንዲት የሬዲዮ ጋዜጠኛ መጣች። ሥራዋ ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና መዘገብ ነው አሉኝ።

"አሁን ምን ልታደርጊ መጣሽ? እህቴን ትመልሻታለሽ?" ብዬ ጮህኩባት።

መቅረጫዋን አጠፋች።

"አልመልሳትም፣ ወንድሜ። አምቡላንሱን አሳየኝ።"

አሳየኋት። በሩን ስትከፍተው አንዲት ዶሮ ከነጫጩቶቿ ተንጫጫችባት።

በሳምንቱ በሬዲዮ እንዲህ አለች፦

"በዚህ አምቡላንስ ውስጥ እስካሁን ልጆቿን በሰላም የታቀፈች እናት አንድ ብቻ ናት... እሷም ዶሮ ናት።"

ገበያው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ በመጣ ቁጥር ፕሮግራሟን የምትከፍተው ለኃላፊው በቀጥታ ስርጭት እየደወለች ነበር። ሙዚቃ የለ፣ መግቢያ የለ። ጥያቄዋም ያው አንድ ነው።

"አምቡላንሱ ተንቀሳቀሰ?"

"በሂደት ላይ ነው።"

በሚቀጥለው ረቡዕም... "በሂደት ላይ ነው።"

ገበያ ውስጥ ቀልድ ሆነ። "ምሳ በላህ?" ስትለው ተሸካሚ ሁሉ "በሂደት ላይ ነው!" ይልሃል።

እሷንም "ጨቅጫቃዋ" አሏት። "ይቺ ሴት ሌላ ወሬ የላትም እንዴ?" የሚልም ነበር።

አንድ ረቡዕ ግን ኃላፊው ስልኩን አላነሳም።

ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ዘፈን ያልፋል። እሷ ጥሪውን እንዳለ አሰማችን።

ጢር... ጢር... ጢር... እስኪቋረጥ ድረስ።

በሚቀጥለው ረቡዕም ደወለች። ከዚያ በኋላም። በየሱቁ፣ በየታክሲው፣ በየቤቱ ያው ጥሪ። ሽንኩርት የሚመዝነው ነጋዴ እጁን ሚዛኑ ላይ አቁሞ ያዳምጣል።

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ሰውዬውን የጠላሁት ያኔ ነው። ሲዋሽ እንኳ እንደዚያ አልጠላሁትም።

በመጨረሻ አምቡላንሱ ጎማ ተገጠመለት። እኔም መጀመሪያ ረዳት፣ ኋላ ሹፌር ሆንኩበት። መኪናው አርጅቶ በሌላ ተተካ... እኔ ግን እስከ ዛሬ የምነዳው አምቡላንስ ነው።

እንግዲህ ያ ስልክ ያላነሳ ሰውዬ ነው መድረኩ ላይ እሷን ሊሸልም የቆመው!

አፌን ልከፍት ስል ማይኩን ያዘ።

"ለዚህ ሽልማት የጠቆምኳት እኔ ነኝ" አለ።

አዳራሹ አጉረመረመ።

"ለዚያ መኪና ጎማ ስለምን ኖሬያለሁ። የበላዮቼ 'በሂደት ላይ ነው በል' ይሉኛል፤ እላለሁ። እኔ መልስ በሰጠሁ ቁጥር እነሱ ተኝተው ያድራሉ። አንድ ረቡዕ ስልኩ ሲጠራ እጄን ሰበሰብኩ... ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። እያየሁት ነበር። ይጥራ፣ ሕዝቡ ይስማው አልኩ።"

ወደ ጋዜጠኛዋ ዞር ብሎ ቀጠለ።

"ጥሪው አለቆቼ ቤት ድረስ ገባ። ያኔ ነው ጎማው የመጣው። እሷ ሰልችቷት ብትተወው ኖሮ ግን የእኔ ዝምታ ዝምታ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።"

ተቀመጥኩ።

ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። "አላልኩህም?" ማለቷ ግን አልቀረም።

ጋዜጠኛዋም ይህን አታውቅም ነበር። ዋንጫውን ተቀብላ ፊት ለፊት አየቻቸው።

የምስጋና ንግግር የምታደርግ መስሎን ነበር...

"ጋሼ፣ አመሰግናለሁ" አለች። "የጨቅላ ሕፃናቱ ማሞቂያ ግን ተጠገነ?"

ከኋላ አንዱ "በሂደት ላይ ነው!" ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

እሷ አልሳቀችም። መልሱን ጠበቀች።

እሳቸውም አልሳቁም።

"አልተጠገነም" አሉ። "ረቡዕ ደውይልኝ። አነሳለሁ።"

"ካላነሱስ?"

"ያኔ ምን እንደምታደርጊ ታውቂበታለሽ።"

አያችሁ? "እሳቸው" አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቱ ብያቸዋለሁ። ቂሜ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ግን አልልም።

እህቴን የመለሰልኝ የለም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ስንት እናት በሰላም አድርሻለሁ። ሲደርሱ ሐኪሙን ያመሰግናሉ፣ አዋላጇን ያመሰግናሉ፣ እኔንም ይመርቁኛል። ደግ ነው፤ ይገባናል።

ሳትሰለች የጠየቀችውን ጋዜጠኛ ግን ያን ሰዓት የሚያስታውስ የለም።

ወገኖቼ... አንዳንድ ሕይወት የሚተርፈው በመድኃኒት ብቻ አይደለም። መልስ እስኪያገኝ በማይደክመው ጥያቄም ነው። እንዲህ ያለውን ሰው "ጨቅጫቃ" ከማለታችን በፊት ለማን ብሎ እንደሚጨቀጭቅ እንይ።

እናንተስ? ስለ እናቶችና ሕፃናት ሳይሰለች የሚጠይቅ የምታውቁት ጋዜጠኛ ማን ነው? ስሙን ከታች ጻፉልኝ። አመስግናችሁት ታውቃላችሁ...

ወይስ የእናንተም ምስጋና በሂደት ላይ ነው?