ጀሪካን ያቀፈችው እናቴ

በከተማችን ማብሪያ ማጥፊያ ከቀረ ሃያ ዓመት ሆኖታል። መብራት የሚበራው ወለሉ ሰው መኖሩን ሲያውቅ ብቻ ነው፤ ወለሉን ያስተማርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ከሥሩ የቀበርኳቸው ሴንሰሮች በገላችን ውስጥ ባለው የውኃ መጠን ሰውን ከድመት ይለያሉ። ተሳስተው አያውቁም፤ ይህንንም ዕድር ላይ ተነስቼ በግማሽ አፍሪካ ፊት ተናግሬአለሁ።

ትናንት ከሰዓት እናቴ ቤት ስገባ፣ መስኮት በሌለው ጓዳዋ ውስጥ ውኃ የሞላ ጀሪካን በጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ ምስር ትለቅማለች።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መብራቴ ነዋ! እሱን ከወሰድክብኝ ይጠፋል።»

ሳቅሁና ጀሪካኑን አንስቼ ወደ ኮሪደር ወጣሁ። ጓዳው ጨለመ።

«አየህ ደምሰው?» አለች ከጨለማው ውስጥ። «ወለልህ ሰው ነሽ አላለኝም።»

ወዲያው ገባኝ። የሰውን ልክ የወሰድኩት በፋሲካ ማግስት፣ እናቴ ዶሮዋን በልታ ጠላዋን ጠጥታ፣ ወለሉ ላይ አቁሜያት ነበር። አሁን የሁዳዴ ሰባተኛ ሳምንት ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አትቀምስም፤ ከስታለች፣ ደርቃለች።

«በዚህ ዕድሜሽ ጾሙን ብትፈቺስ?»

«ወለልህ ይፍታ!»

ልኩን ዝቅ አደረግኩት። አሁን የእናቴ ድመት በገባች ቁጥር መብራት ይበራል። ለጎረቤቶቻችን ግን «ለድመት የሚያበራ ቤት በዓለም መጀመሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ» ብያለሁ።

እናቴ ግን ጀሪካኑን አልደፋችም።

«ይኑር» አለችኝ። «ነገ ደግሞ ከድመቷ ብከሳስ?»