ስልሳ ፓውንድ

«ይሄ ምላጭ አይደለም፣ ቆርቆሮ ነው!» ብሎ ኦርሊን የተጣመመውን የፍላጻ ጫፍ ባንኮኒው ላይ ወረወረው። «አምና አንቺው የሸጥሽልኝ ነው። እዪው እስቲ!»

ማርሊስ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። እዚህ የዊስኮንሲን ገጠር ውስጥ የአዳኝ ዕቃ መሸጥ ከጀመረች ሠላሳ ዓመቷ ነው። የወተት ቦቴ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣው ኦርሊንም ሱቁ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ደንበኛዋ ነው።

«ምኑ ነው ቆርቆሮው? አጥንት መታ፣ ታጠፈ። በቃ።»

«ሌላ ስጪኝ። ደህና ነገር።»

ይህን ሲላት ሦስተኛ ጊዜው ነው። በሐምሌ አንድ ዓይነት ወስዶ በነሐሴ መለሰው፤ በነሐሴ የወሰደውንም ይኸው አሁን ከተጣመመው ጋር ይዞት መጥቷል። የአጋዘን አደን ነገ ጠዋት ይከፈታል። ሱቁ ጢም ብሏል፣ ከኋላው ስድስት ሰባት ሰው ተሰልፏል፣ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

መቼም ሥጋ አምሮት አይደለም እንዲህ የሚንጨረጨረው። አምና በጥቅምት አንዲት እንስት አጋዘን መታ፤ ፍላጻው ግማሽ ስንዝር ያህል ገብቶ ቀጥ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ በጉልበቱ እየዳኸ፣ የደም ጠብታ ከቅጠል ቅጠል እየተከተለ ፈለጋት። በሦስተኛው ቀን ቀድመውት ያገኟት ቁራዎች ናቸው። እዚያው አጠገቧ ቆሞ ማለ፤ አንድ ሌላ አጋዘን እንዲህ አቁስሎ ካበሰበሰ ደጋኑን ይሰቅላል፣ ከዚያ ወዲያ ጫካ አይገባም።

«ባለቃታውን ደጋን ግዛና ተገላገል» አለ ዱዌን ከኋላው። የሚስቱ ወንድም ነው፤ በዕድሜ እኩያው ሲሆን በምላስ ግን ማንም አይደርስበትም። «አማቴ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ በሱ ነው የምታድነው። ቃታ መሳብ ብቻ! እኔ ግን ተመስገን ነው፣ ገና የስልሳ አምስት ፓውንድ ደጋን እስባለሁ።»

«አንተ ከምላስህ ሌላ የምትስበው የለህም» አለው ኦርሊን። ሰልፉ ሳቀ። የሳቀው በማን እንደሆነ ስላልገባው ግን ኦርሊን እስከ ጆሮው ቀላ።

ማርሊስ ሁለት ዓይነት ጫፍ አውጥታ ፊቱ ደረደረች። አንደኛው ተከርችሞ ይበርና ገላ ሲነካ እንደ ጃንጥላ የሚከፈተው ነው፤ ሰፊ ቁስል ያወጣል፣ ለመግባት ግን ጉልበት ይፈልጋል። ሌላው ቀጭን ነው፤ ሁለት ስለት አለው፣ አይከፈት አይዘጋ።

«አሁን ንገረኝ። ስንት ፓውንድ ነው የምትስበው?»

«ስልሳ።»

«ስልሳ ከሆነ የሚከፈተው ነው የሚሆንህ። አምና የወሰድከውም እሱን ነው። በስልሳ ወዲያ ማዶ ማለፍ ነበረበት። ለምን አላለፈም?»

«ቆርቆሮ ስለሆነ ነዋ!»

«ኧረ አታድርቀኝ ኦርሊን! ይኸው ሚዛኑ፣ ሳበውና እንየው።»

የደጋን ሚዛን ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። ገመዱን መንጠቆው ላይ አድርገህ ደጋኑን ቁልቁል ስትስበው ቁጥሩ ይወጣል፤ ሌላ ጣጣ የለውም። ኦርሊን ቀና ብሎ አየውና ዓይኑን መለሰ። ቀኝ ትከሻው ከተጎዳ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ማንም ሳያየው ጋራዥ ውስጥ ገብቶ ለመሳብ እንዲቀለው የደጋኑን ብሎኖች አላላ፣ ሞከረ፤ ደግሞ አላላ፣ ደግሞ ሞከረ፣ መሳብ እስኪችል ድረስ። ስንት ላይ እንደደረሰ አልለካም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስልሳ ሲል የኖረ አፍ ሌላ ቁጥር ከየት ያምጣ? ሚስቱ እንኳ አታውቅም።

«ተይው፣ ሰው ቆሟል» አለ።

«ይቁም! ምላጭ ስቀይርልህ ሁለት ወር ፈጀሁ እኮ። እኔ የምሸጠው ምላጭ ነው፣ ጉልበት አልሸጥም!»

«ምን አስፈራህ?» አለ ዱዌን።

ያቺ ናት ያቃጠለችው። ደጋኑን ከሻንጣው አውጥቶ ገመዱን መንጠቆው ላይ አደረገና ጥርሱን ነክሶ በሁለት እጁ ሳበው። በልቡ ሃምሳ አያጣም ብሎ ነበር። ማርሊስ ቁጥሩን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያነበበችው፤ ሱቁ ጭጭ ብሎ ስለነበር ግን ሁሉም ሰማ።

«አርባ አንድ።»

ማንም አልሳቀም። ዱዌን ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «መኪናዬን ሳልቆልፍ…» እያለ ደጋኑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ በሩ አመራ።

«ዱዌን! ወዴት ነው? ቀጥሎ አንተ ነህ እኮ!» አለች ማርሊስ። በሩ ተዘጋ።

ቀጭኑን ጫፍ ወደ ኦርሊን ገፋችለት። «ለአርባ አንድ ይሄ ነው። አጋዘኗ ሃያ እርምጃ ድረስ እስክትጠጋህ ጠብቅ። ከዚያ ከራቀች እጅህን ሰብስብ።»

ኦርሊን አነሳውና ክንዱ ላይ ሞከረው። ጠጉሩን ሙልጭ አድርጎ ላጨው። ንዴቱ አሁንም አልበረደለትም፤ የሚቆጣበት ሰው ግን ጠፋው።

«አምና…» አለ ጫፉን እያገላበጠ። «አምና በዚህ መትቻት ቢሆን ኖሮ ያልፍ ነበር?»

ማርሊስ መነጽሯን አወለቀች፣ በሸሚዟ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው።

«ያልፍ ነበር።»

አያልፍም ብላ ብትዋሽለት ምን ነበረበት።