የሞተው አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ነበር

"አባቴ ሞቷል… ባህር በላው።"

ልጅቷ ይህን ያለችው ማንጎ እየመጠጠች፣ እንደ ተራ ነገር ነው።

ኩዋኒ ሻንጣውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር፣ ተወልዶ ያደገበት ግቢ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከሀንጋሪ መመለሱ ነው። የጎረቤት ልጅ መስላው ስሟን ጠይቋት ነበር።

ኛኩዋት ኩዋኒ እባላለሁ አለችው።

"የኔም ስም ኩዋኒ ነው" ብሎ ሳቀ። አባቷን የጠየቃት ያኔ ነው።

ፎቶውን ላሳይህ ብላ እጁን ይዛ አስገባችው።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶ… የራሱ ነው። ለትምህርት ወደ ውጭ የሄደ ቀን፣ በተዋሰው ሰፊ ኮት የተነሳው።

ሻንጣውን አስቀምጦ ተጠግቶ አየው።

ቆይ… ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ኩዋኒ ስኮላርሺፕ ያገኘ ጊዜ ቸርቹም ሰፈሩም በጸሎትና በመዝሙር ነው የሸኙት። እናቱ ኛማል ገና አውሮፕላን ሳይሳፈር "የኛ ዶክተር" ትለው ጀመር።

እዚያ ሲደርስ ነገሩ ሌላ ሆነ። ከየአገሩ የመጡት ተማሪዎች ሲከራከሩና ሲስቁ እሱ ገና የመምህሩን ንግግር አልጨበጠም። በሁለተኛው ዓመት ወደቀ። ስኮላርሺፑም ተቋረጠ።

ለእናቱ ምን ብሎ ይንገራት?

ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ሲል ወራት ነጎዱ። በመጨረሻ ቁጥሩን ቀየረ።

ያን ሰሞን ነው ወደ እንግሊዝ ስትሻገር የነበረች ጀልባ የሰጠመችው። ከሟቾቹ አንዱ የጋምቤላ ልጅ ነው ተባለ። አንዱ ጋ ስልክ ተደወለ፣ ሌላው ጋ ተደወለ… ድምፁ የጠፋው ኩዋኒ ብቻ ነበር።

ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጣ። "ነፍስ ይማር" የሚል ኮመንት ጎረፈ።

ኩዋኒ ይህን አይቷል።

አዎ… አይቷል። የቀን ሥራ በሚሠራበት መጋዘን፣ ለምሳ እንደተቀመጠ የራሱን መርዶ አነበበ።

"አልሞትኩም" ብሎ ጻፈ። ሳይልከው አጠፋው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀለለው! የሞተ ሰው ዲግሪህ የታለ አይባልም። ዲግሪዬን ይዤ ድንገት ስገባ ለቅሶው እልልታ ይሆናል ብሎ ራሱን አታለለ።

ከዚያ ወዲያ ግን ሰላም አላገኘም። እየሠራ እየከፈለ እንደ አዲስ ተማሪ ገባ፤ ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ "አቤት" ማለት ያስፈራው ነበር። የሚጠሩት ሟቹን ይመስለዋል።

ተመረቀ። መጣ።

እናቱ ስታየው አልጮኸችም። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ፊቱን በሁለት እጇ ዳሰሰች። ሥጋ መሆኑን ስታውቅ ነው ያለቀሰችው።

ከኋላዋ ታናሽ ወንድሙ ቢቾክ ገባ። ልጅቷ ሮጣ እግሩ ላይ ተጠመጠመች።

እዚህ ላይ፣ ኮመንት ላይ ከመጣላታችሁ በፊት ባህሉን ላስረዳ። በኑዌር ወግ አንድ ሰው ልጅ ሳይወልድ ከሞተ ስሙ ጠፍቶ አይቀርም። ወንድሙ በሟቹ ስም ሚስት ያገባል፤ የሚወለደው ልጅ የሟቹ ነው። ታናሽ የታላቁን ስም ሳያቆም የራሱን ትዳር አያስቀድምም። ፓስተሩ ቅር ብሏቸው ነበር፤ የእናት እንባ አሸነፋቸው።

ቢቾክ የሚወዳት ልጅ ነበረችው፣ ኛኪም የምትባል። የቤተሰቡ ከብት ግን ለአንድ ጥሎሽ ብቻ ነበር የሚበቃው። ከብቱ ለሟቹ ሆነ። ኛኪም ጠብቃ ጠብቃ ሌላ አግብታ ጁባ ገባች።

ቢቾክም በወንድሙ ስም ኛዊዩዋልን አገባ። ኛኩዋት ተወለደች… በደም የቢቾክ፣ በስም የኩዋኒ።

ኛዊዩዋል ለእንግዳው ውሃ አቀረበችና ትክ ብላ አየችው።

"እኔ ያገባሁት ስምህን ነው" አለችው። "ስምህ ደግሞ አስቸግሮኝ አያውቅም።"

የሳቀ የለም።

እናቱ የኩዋኒን እጅ እንደያዘች ለቢቾክ ታስረዳለች። ምን ያድርግ፣ ሞተ መባሉን በምን ሰምቶ? ቢሰማ ኖሮ በእግሩም ቢሆን ይመጣ ነበር እያለች።

ሁሉም ኩዋኒን አዩት።

"አልሰማሁም" ቢል ነገሩ ያልቃል። ጀልባዋን ይረግማሉ፣ ወሬኛውን ይረግማሉ፣ በሬ ይታረዳል። የሚመሰክርበት ሰው የለም።

ቢቾክን አየው። ያን የሚያህል ጎረምሳ ፊቱ አርጅቷል።

"ሰምቻለሁ" አለ ኩዋኒ። "ፎቶዬንም አይቻለሁ፣ ለቅሷችሁንም አይቻለሁ። አፍሬ ዝም አልኩ።"

እናቱ እጁን ለቀቀች።

ቢቾክ ልጅቷን ብድግ አድርጎ አቀፋት። ወደ ኩዋኒ ዞረ።

"ወንድሜ… ሞቷል ሲሉኝ ከብቱን አልሰሰትኩብህም። ኛኪምንም ተውኩልህ። ልጄ በስምህ ስትጠራ እንኳ ቅር አላለኝም፣ ለሞተ ሰው ነው ብዬ። አሁን ያን ሁሉ ለማን እንደሰጠሁ አላውቅም።"

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አንዴ የቆመ ስም አይነቀልም አሉ። ልጅቷ ዛሬም የኩዋኒ ልጅ ናት፤ የምታድረው ግን ቢቾክ እቅፍ ውስጥ ነው።

ኩዋኒ በዲግሪው ሥራ አግኝቶ እዚያው ከተማ ቤት ተከራይቷል። እሁድ እሁድ እናቱን ይጠይቃል። አትቆጣውም፣ አትወቅሰውም። ወንበር ታቀርብለታለች፣ ምግብ ታቀርብለታለች፣ ስለመጣህ አመሰግናለሁ ትለዋለች…

ልክ እንደ እንግዳ።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ደጅ ደጁን ለምታይ እናት ግን መርዶ ነው። ውጭ ሀገር የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች… ወድቃችሁም፣ ተባራችሁም፣ ባዶ እጃችሁንም ቢሆን ደውሉ። ቤተሰብ የወደቀ ልጅ ማንሳት ያውቅበታል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ… ኩዋኒ ያን ቀን "አልሰማሁም" ብሎ ቢዋሽ ይሻል ነበር? በቢቾክ ቦታ ብትሆኑስ እውነቱን መስማት ትፈልጉ ነበር?