ሁሉም ተገኝተዋል

ሃፍቶም ወረቀቱን በለቅሶው ድንኳን ምሰሶ ላይ በፕላስተር ለጥፎ ሲያበቃ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለና፣ ሥዕል እንደሰቀለ ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየው።

«ይኸው እትዬ ሓዳስ፣ ኪውአር ኮድ ይባላል። ከዛሬ ጀምሮ እድራችን ስም መጥራት አቁሟል!»

እትዬ ሓዳስ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ቀና አሉ። ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ነው፤ ብል የበላው ጨርቅ ይመስላል።

«ምን ይሠራል?»

«ለቅሶ ደራሹ ስልኩን ያነጣጥርበታል፣ ስልኩ አባሉን ያውቀዋል፣ 'ተገኝተዋል' ይለዋል። አለቀ! የመጣው ይመዘገባል፣ የቀረው ይቀጣል። ድሮ እኮ ስም ሲጠራ አንዱ ለአምስት ሰው 'አቤት' ይል ነበር።» የእድሩ ጸሐፊ ከሆነ ወዲህ ሃፍቶም እንዲህ የተደሰተበት ለቅሶ የለም። ኮዱን ፎቶ አነሳው። «አባላቱ እንዲለማመዱት ግሩፑ ላይ ልልቀቀው» አለና ወደ እድሩ ኮሚቴ ስብሰባ ከነፈ።

እትዬ ሓዳስ ከባዶዎቹ አግዳሚዎች ጋር ቀሩ።

ሰፈሩ ሲፈርስ የዶሮ ማነቂያ ጎረቤት ወደ አራብሳና ገላን ተበትኗል። የባላቸው የሉልሰገድ ቀብር ላይም ሰዉ እሳቸውን ሳያስተዛዝን ዝናብ በተነው። የቀራቸው የዛሬው ሠልስት ነው። በሠልስት የእድር ሰው ይመጣል፤ ወዶ ባይመጣ ቅጣት ፈርቶ ይመጣል። ፈርቶም ይምጣ ግድ የለም። አንዴ ከተቀመጠ ንፍሮ ይዘግናል፣ ንፍሮ የዘገነ ሰው ደግሞ ስለ ሉልሰገድ አንድ ነገር ሳያነሳ አይሄድም። እሳቸው የፈለጉት ያቺኑ ነው፤ የባላቸውን ስም ከሌላ ሰው አፍ መስማት።

ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡት የባላቸው ስልክ ጮኸ። መነጽራቸውን አደረጉ። የእድሩ ግሩፕ ነው።

«ክብረት ነኝ። ኮዱ ከስልክ ላይም ይሠራል ጎበዝ! እኔ ከአራብሳ ተገኝቻለሁ። ነፍስ ይማር።»

ወዲያው ነሲባ ተከተለች። «እኔም ደርሻለሁ። አላህ ያጽናሽ ሓዳስዬ። ከታክሲ ሰልፍ ተገላገልን እኮ!»

ከዚያማ ስልኩ ፋታ አጣ። አብርሃ ከገላን ተገኘ። የሲን ሱቁ ውስጥ ሚዛኑ አጠገብ እንደቆመ ተገኘ። ምኞት ፀጉሯን እየተሠራች ተገኘች። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እትዬ ሓዳስ ሳያስቡት ወደ ድንኳኑ በር ያያሉ። በበሩ የሚያልፈው በፈረሰው ሰፈር ላይ የተሠራውን አዲስ ሰፊ መንገድ ለማየት የመጣ ሰው ነው፤ ድንኳኑን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይሄዳል።

ሃፍቶም እያለከለከ ተመለሰ። «እትዬ! በእድራችን ታሪክ እንዲህ ያለ ለቅሶ አልታየም! ሰዉ ግልብጥ ብሎ ነው የወጣው!»

«የታለ?»

ሃፍቶም ያን ጊዜ ነው አግዳሚዎቹን ያየው። ንፍሮው በሳፋ ሙሉ ነው፤ ጭልፋው እንኳ አልተነካም። ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ መልሶ ከተተ፣ እንደገና አወጣ።

«እንግዲህ ... ያው ... በሩቅም ቢሆን ልባቸው እዚህ ነው። አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው።»

«ማን ነው የቀረው?»

ሃፍቶም ፊቱ ቀላ። «አይ፣ የእኛ ስህተት ነው። ከመዝገቡ ሳናወጣቸው ...»

«ማን ነው አልኩህ እኮ፣ ልጄ!»

«አቶ ሉልሰገድ።»

እትዬ ሓዳስ ስሙን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፣ የባላቸውን ስልክ እንደ ሻማ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ምሰሶው ሄዱ። ኮዱ ከስልኩ መስታወት እየሸሸ አስቸገራቸው። ሃፍቶም ሊያግዝ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

ስልኩ ጮኸ። «አቶ ሉልሰገድ፣ ተገኝተዋል።»

እትዬ ሓዳስ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገውም አጠገባቸው ቦታ ለቀቁ።