የቦጋለ ትራስ

«የፈቃድ ወረቀቱ መጣ!» ሲስተር እልፍነሽ ወረቀቱን እያውለበለበች ወደ መኝታ ቤት ሮጠች። ከእንግዲህ ቀኗ ሲደርስ ሆስፒታል ወስዶ ከልብ ማሽን ጋር የሚያቆራኛት የለም፤ እዚሁ ቤቷ፣ በራሷ አልጋ ላይ ትሞታለች። አዲሱ ሕግ ማሽኑን እምቢ የማለት መብት የሰጠው፣ የሕመምተኛውን ሥቃይ በዓይኑ አይቷል ብሎ ለጤና ባለሙያ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ሠላሳ ዓመት አይታለች።

«ቦጌ፣ ና አግዘኝ! አልጋውን ወደ መስኮቱ እንግፋው፤ የአቮካዶው ዛፍ ይታየኝ።»

ባሏ መምህር ቦጋለ እየሳቀ ገፋ። አልጋው መስኮቱ ሥር ሲደርስ እልፍነሽ እንደ ልጅ ዘላ ወጣችና ጋደም አለች። ያኔ አጠገቧ ያለውን የቦጋለን ትራስ አየች። እሱ የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ ማሽኑን እምቢ ማለት አይችልም። ሳቋ ከፊቷ ጠፋ።

ቦጋለ በእሱ በኩል ፍራሹን ከፍ አድርጎ ከሥሩ የእሷን የድሮ የነርሲንግ መጽሐፍ አወጣ። ገጾቹ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮባቸዋል።

«የነርሲንግ ትምህርት ቤቱ መግቢያ ፈተና ሰኞ ነው» አለ፣ በስልሳ ሁለት ዓመቱ እንደ ተማሪ እየተቁነጠነጠ። «እስቲ እልፌ፣ ስለ ኩላሊት ጠይቂኝ።»