ከፓራሲታሞሉ ጎን የተጻፈው ስም

"ይህን ለሕፃን ስጡ ያለዎት ማነው?"

ውቢት ቁጣዋን መደበቅ አልቻለችም...

ደባርቅ፣ ድንገተኛ ክፍል። የሰባት ዓመቷ ናዝራዊት አልጋ ላይ ናት። ከንፈሯ ገርጥቷል... ትንፋሿ እየቆየ ነው የሚመጣው።

አያቷ መሪጌታ ቴዎፍሎስ ከተራራው መንደር ከአምባራስ ይዘዋት የመጡት፣ ለጥርስ ሕመም ክኒን ውጣ አልነቃ ስላለቻቸው ነው።

የተረፈውን ከነማሸጊያው ከጋቢያቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡ። ፋርማሲስቷ ውቢት አነበበችው።

ፓራሲታሞል... ከጎኑ ደግሞ ኮዴይን።

ኮዴይን የሞርፊን ዘመድ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። የሕፃን ትንፋሽ ያቆማል።

ሮጣ ለሐኪሙ ነገረችው። ማርከሻው ለናዝራዊት እየተሰጠ ሳለ ነው አዛውንቱን ያንን የጠየቀቻቸው።

መሪጌታ ረጋ ብለው አስረዷት። ቱሪስቶች ከተራራው ሲመለሱ የተረፋቸውን መድኃኒት ለበቅሎ ነጂዎች ትተው ይሄዳሉ። መንደሩም እንደ ስጦታ ያስቀምጠዋል።

"ከዓመታት በፊት ለፋሲካ አክስቷ ዘንድ የመጣች አንዲት ተማሪ ነበረች፣ ልጄ... ፈረንጅኛውን አንብባ፣ ይህ ፓራሲታሞል ነው፣ ለልጅም ለአዋቂም ይሆናል አለችን። ከዚያ ወዲህ መሳዩን ስናገኝ ለሕመም እንይዘዋለን። ትባረክ፣ ስንቱን አሳረፈችልን።"

ውቢት ማሸጊያውን ዳግም አየችው...

ተማሪዋ እሷ ነበረች።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ናት። ማሸጊያው ላይ ካሉት ሁለት ስሞች የምታውቀው አንዱን ብቻ ነበር። መንደሩ ከቧት አፍ አፏን እያየ "ይህን አላውቀውም" ማለት አፈረች... ዘለለችው።

ኮሌጅ ገብታ የተዘለለው ስም ምን እንደሆነ ስታውቅስ?

ያን ጊዜም አፈረች። ተመልሳ አልነገረቻቸውም።

አመሻሹ ላይ ናዝራዊት ዓይኗን ገለጠች። "አባባ፣ ውኃ" አለች።

መሪጌታ የውቢትን እጅ ይዘው አነቡ። "የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ፣ ልጄ... በጸሎት ላስብሽ።"

ልትናዘዝ አፏን ከፈተች...

"ወለተ ሚካኤል" አለች።

ስሟ አልነበረም።

ክኒኑን ዳግም ለማንም እንዳይሰጡ አስጠንቅቃ ሸኘቻቸው። የተሳሳተው ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አያውቁም። በየቅዳሴው የሌለች ሴት ስም ያነሳሉ... ውቢት ደግሞ ፊቷን በመስተዋት ስታይ ራሷን ትጸየፋለች።

ወገኖቼ፣ ያንን ቃል አለማወቋ አያስነውርም። የሚያስጠላው፣ አዋቂ መስሎ ለመታየት ሲባል የሰው ልጅ ነፍስ ላይ መፍረድ ነው። ምንነቱን የማታውቁትን ክኒን ባለሙያ ሳያየው አትዋጡ፣ ለማንም አትስጡ። ያላወቃችሁትንም አላወቅሁትም በሉ።

እናንተ ብትሆኑ አምባራስ ድረስ ወጥታችሁ "ያቺ ተማሪ እኔ ነኝ" ትሏቸው ነበር... ወይስ እንደ እሷ ዝም? እውነቱን ጻፉልን።