ለአራስ የሄደው ሳህን

እናቴ በስልክ «ያንን ነጩን ጎድጓዳ ሳህን ይዤ ቲጂ ጋ ሄጃለሁ» ካለችኝ ጀምሮ ለንደን ውስጥ ሰቨን ሲስተርስ ያለው የቲጂ ቤት እስክደርስ ትንፋሼ አልተመለሰም። በሩን ስከፍት ሳህኑ አልጋ ላይ፣ ቲጂ ጭን ላይ ተቀምጧል። ገንፎ ተሞልቶበታል፤ መሀሉ ላይ ቅቤና በርበሬ።

«እማዬ፣ ምን ማድረግሽ ነው?» አልኩ፣ ለተኛው ሕፃን ስል ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«መጀመሪያ እንኳን ጌታ ረዳሽ በያት። አራስ ቤት እንዲህ ይገባል?»

እንኳን ጌታ ረዳሽ አልኩ። ቲጂ ከወለደች ወዲህ እህል አልቀመሰችም ተብሎ የቸርች እህቶች ሁሉ ተጨንቀው ነበር። አሁን ግን ቀና ሳትል ትበላለች።

«ሳህኑ የሰው አደራ ነው። ስትሪትሃም ያለ ጥንታዊ ዕቃ ሰብሳቢ ሽማግሌ ነው ፎቶ እንዳነሳው ያዋሰኝ። ሳህኑ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመቱ ነው፣ ዛሬ መመለስ አለብኝ።»

«ታዲያ ኪችን ካቢኔት ውስጥ ምን ይሠራል? ለአራስ በፕላስቲክ ላቅርብላት?»

ይቺ ሴትዮ አንድ ቀን ትገድለኛለች። ሳህኑን የሠራው እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ ዶክትሬቴን የምጽፍበት ሰው ነው። ለንደን ላይ ሱቅ ከፍቶ፣ የመኳንንት ሚስቶችን ሻይ እየጋበዘ፣ «የኔ ዕቃ የፈላ ቢገባበት አይሰነጠቅም» እያለ የከበረ ነጋዴ። ሱፐርቫይዘሬ ውሸታም ነበር ትላለች፤ እኔ እከራከርለታለሁ። ግን የትኛው ጤነኛ ሰው የሱ ሳህን ላይ የፈላ ነገር ጨምሮ ያረጋግጣል?

«ገንፎው ሲገባበት ትኩስ ነበር?» አልኩ።

«ቀዝቃዛ ገንፎ ይበላል እንዴ? እዚሁ ስቶቭ ላይ አገንፍቼ ነው የገለበጥኩበት።»

ሳህኑን ዙሪያውን አየሁት። ደህና ነው። እንደተናደድኩ ሳቄ መጣ፤ ሰውየው እውነቱን ነበር ማለት ነው።

«እትዬ ኤልፍነሽ፣ ትንሽ ይጨምሩልኝ» አለች ቲጂ፣ አፍራ።

እናቴ ድስቱን ይዛ መጣች። እጇን መያዝ ነበረብኝ። የቲጂን ፊት አየሁና አቃተኝ። ትኩሱ ገንፎ ሳህኑ ውስጥ ሲወድቅ ሸክላው ጠቅ አለ። ከኔ በቀር የሰማ የለም። ከሳህኑ አፍ አንዲት ቀጭን መስመር ወደ ታች ወረደች።

«ውሸታም» አልኩ።

«ማን ነው ውሸታም?» አለች እናቴ።

ቲጂ ቅቤው ብርድ ልብሷ ላይ ሲንጠባጠብ አየች። ስንጥቁን በአውራ ጣቷ ደፈነችና በሌላው እጇ መብላቷን ቀጠለች።